ስክሪኑ ቢጨልም ጥፋቱ የስክሪኑ ነው ወይ?



እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ለመምህር እንደ ጠመኔና እንደ ሰሌዳ የዘወትር መሣሪያ እየሆነ መጥቷል። የትምህርት ዕቅድ የሚጻፈው፣ ፈተና የሚዘጋጀው፣ የተማሪው ማርክ የሚደመረው በእሱ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለንም፤ ያገለገለ እንገዛለን፣ ያገለገለ ሲባል ደግሞ እግራችን የሚመራን ወደ መርካቶ ነው። ያገለገለ ዕቃ ታሪክ አለው። ከእኛ በፊት የያዘው ሰው ምን እንዳደረገበት ማሽኑ በአፉ አይነግረንም፣ በምልክት ግን ይነግረናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ምልክት በሥርዓት ማንበብን መማር ነው።

ትምህርቱን የምናቀርበው በእጃችን ባለ አንድ ማሽን ላይ ተመሥርተን ነው። ሰባት ዕጩ መምህራን ገንዘብ አዋጥተን መርካቶ ከሚገኝ አንድ ሱቅ የገዛነው ነው። ለማስተማር ልምምድ ልንወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ስክሪኑ መታወክ ጀመረ። የሰባታችንም የትምህርት ዕቅድ በውስጡ ነበር። በእጃችን የቀረው ገንዘብ ቢበዛ አንድ ዕቃ ይገዛል፤ ያ ዕቃ ትክክለኛው ካልሆነ ለሁለተኛ የሚተርፍ የለም። ስለሆነም ከግዢ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ ማወቅ ግድ ሆነ።

ሀ) ምልክቶቹ

ከሁሉ አስቀድመን ያየነውን በደብተር መዘገብን። ይኸውም፦

1. ኮምፒዩተሩ 20 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ስክሪኑ ላይ ትናንሽ ባለ ቀለም ነጠብጣቦችና አግድም መስመሮች ይታያሉ።
2. ጥቂት ቆይቶ ሃንግ ያደርጋል፤ ማውሱም አይንቀሳቀስም።
3. አንዳንዴ ስክሪኑ ይጨልማል፣ የሞኒተሩ መብራት ወደ ብርቱካን ቀለም ይለወጣል፣ ማራገቢያው ግን መዞሩን አያቆምም።
4. አንዳንዴ ደግሞ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ራሱን ያጠፋና ይነሣል። በሰማያዊው ገጽ ላይ ያለው ቁጥር በየጊዜው ይለያያል።
5. ጠዋት በብርዱ ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይብስበታል።

ታዲያ ምክር የሚሰጥ አልጠፋም። አንዱ «ሞኒተሩ አልቆለታል፣ ለውጡት» አለ። ሌላው «ግራፊክስ ካርድ ግዙ» አለ። «ቫይረስ ነው» ያለም ነበር፤ «የመብራቱ መዋዠቅ ነው» ያለም ነበር። አራቱም ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። ነገር ግን «ሊሆን ይችላል» እና «ነው» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ፈተና የሚባል ነገር አለ።

ለ) ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ምን ማለት ነው?

ኮምፒዩተር የሚሠራው በምት ነው። ልክ ከበሮ መቺ ለዘፋኞቹ ምት እንደሚሰጥ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለ አንድ ክሪስታልና ረዳቶቹ ለሁሉም ክፍሎች ምት ይሰጣሉ። ፕሮሰሰሩ ይህን መሠረታዊ ምት በራሱ ማባዣ ቁጥር አባዝቶ ይሠራበታል። የእኛ ማሽን ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር 2 ዱኦ ኢ4300 ነው። ማባዣው 9፣ መሠረታዊ ምቱ ደግሞ 200 ሜጋኸርትዝ ነው። ስለዚህ 200 × 9 = 1,800 ሜጋኸርትዝ፣ ማለትም 1.8 ጊጋኸርትዝ ይሆናል። ፋብሪካው የወሰነለት ፍጥነት ይሄ ነው።

አሁን አንድ ሰው ባዮስ ወደሚባለው የማስተካከያ ገጽ ገብቶ 200 የሚለውን 266 ቢያደርገውስ? 266 × 9 = 2,394 ይሆናል። ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ 2.4 ጊጋኸርትዝ ተገኘ ማለት ነው። ይሄ ነው ኦቨርክሎክ የሚባለው። የሚቻለውም ፋብሪካው ለሙቀት፣ ለዕድሜና ለተለያየ አየር ብሎ ጥቂት ትርፍ ጉልበት ስለሚተው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ፤ ማባዣው 4.5፣ ምቱ 66 ነበር። ብዙዎች ምቱን 100 እያደረጉ በ450 ሜጋኸርትዝ አሠሩት። በዚያው በ1990ዎቹ ዓመታት ግን ሌላም ነገር ታይቷል። ዝቅተኛ ፕሮሰሰር ላይ ከፍ ያለ ቁጥር እያተሙ በውድ የሚሸጡ ነጋዴዎች በዓለም ገበያ ተነሥተው ነበር። ኢንቴል ማባዣውን እንዲቆልፍ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነበር።

ያገለገለ ኮምፒዩተር ሲገዛ ይህን ለማጣራት ቀላል ዘዴ አለ። በዊንዶውስ ላይ የኮምፒዩተሩን ባሕርያት የሚያሳየውን ገጽ እንክፈት። የፕሮሰሰሩ ስም ባለበት መስመር ላይ ሁለት ቁጥር ይታያል፦ መጀመሪያ ፋብሪካው የሰጠው፣ ቀጥሎ ማሽኑ አሁን የሚሠራበት። የእኛ ማሽን 1.80 ብሎ አጠገቡ 2.40 አለ። ሁለተኛው ቁጥር ከበለጠ ማሽኑ እየተገፋ ነው። ካነሰ ግን አያስጋም፤ ሥራ ሲቀንስ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ዝቅ ስለሚያደርግ ነው።

ሐ) የፍጥነት መጨመር ሙቀትን እንዴት ያሳድጋል?

ፍጥነት ሲጨምር ፕሮሰሰሩ እንዳይደናገር ቮልቱንም ከፍ ያደርጉለታል። ሙቀቱ ታዲያ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቱ ጋር ደግሞ በቮልቱ ካሬ ያድጋል። በእኛ ማሽን ፍጥነቱ በ33 በመቶ፣ ቮልቱ በ10 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘነው። እናስላው፦ 1.33 × 1.1 × 1.1 = 1.61። በ65 ዋት ሙቀት ታስቦ የተሠራ ፕሮሰሰር በግምት ወደ 105 ዋት ተጠጋ ማለት ነው። ሙቀት ማስወጫው ብረትና ማራገቢያው ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው።

በዚህ ላይ የአገራችን ሁኔታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። እዚህ ያለው አየር በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሲነጻጸር እፍጋቱ ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ሰው ጅቡቲ ላይ «ይሄ ማራገቢያ ይበቃል» ቢል እንኳ ለእኛ የግድ ይበቃል ማለት አይደለም። የመርካቶ አቧራ በብረቱ ክንፎች መካከል ሲጋገርበት ደግሞ አስቡት።

መ) ፕሮሰሰሩ ቢገፋ ስክሪኑን ምን አገባው?

የትምህርቱ ዓቢይ ነጥብ ይህ ነው። መሠረታዊው ምት የፕሮሰሰሩ ብቻ አይደለም፤ ራሙም ከእሱ ነው የሚለካው። የእኛ ማሽን ራም በ333 ሜጋኸርትዝ እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ ከመሠረታዊው ምት ጋር ያለው ውድር 5 ለ 3 ነው። 200 × 5 ÷ 3 = 333፣ ልክ ነው። ምቱ 266 ሲሆን ግን 266 × 5 ÷ 3 = 443 ይሆናል። ማንም ራሙን ሳይነካው ራሙ ከአቅሙ በላይ እንዲሮጥ ተገደደ።

ከዚህም በላይ ማሽናችን ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ምስሉን የሚያዘጋጀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክፍል ነው፤ ይህም ክፍል የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ተበድሮ ይሠራል። እንግዲህ ራሙ ሲሳሳት ስሕተቱ የት ነው የሚታየው? ስክሪኑ ላይ! በተበደረው ክፍል ስሕተት ሲኖር ነጠብጣብ ይሆናል፤ ዊንዶውስ በሚሠራበት ክፍል ሲኖር ደግሞ ሃንግና ሰማያዊ ገጽ ይሆናል።

ለብቻው የቆመ ካርድ ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ አያመልጥም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በነበሩ ማዘርቦርዶች መሠረታዊው ምት 83 ሲደረግ፣ ለ66 የተሠራው የግራፊክስ ካርድ መስመር 83፣ ለ33 የተሠራው የሌሎች ካርዶች መስመር ደግሞ ወደ 41 ይወጣ ነበር። ምቱ 100 ሲሆን ግን ጥሩ ማዘርቦርድ ትክክለኛ ማካፈያ ስላለው ሁለቱን ወደ 66 እና ወደ 33 ይመልሳቸዋል። በመሆኑም ያው ማሽን በ100 ጸጥ ብሎ እየሠራ በ83 ሊረበሽ ይችል ነበር። ትንሹ ጭማሪ ሁልጊዜ ደህና ነው ማለት እንዳይደለ ከዚህ እንማራለን።

ሠ) የምርመራው ቅደም ተከተል

1ኛ. ሥራን ማዳን። ማሽኑ በሚሠራባት ጊዜ ውስጥ ፋይሎችን ወደ ፍላሽ እንገልብጥ። የሰባታችንን የትምህርት ዕቅድ ያወጣነው ጠዋት በብርዱ ሰዓት ነው። የተሳሳተ ራም ፋይልንም ሊያበላሽ ስለሚችል ይህ እርምጃ ለነገ አይባልም።

2ኛ. ከውጭ መጀመር። ኬብሉን ነቅሎ ማየት፣ ፒኖቹ መጣመማቸውን መመልከት፣ ብሎኖቹን ማጥበቅ። ባለ 15 ፒን የሆነው የቪጂኤ ኬብል ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን በየራሳቸው ሽቦ ያመጣል። የቀዩ ሽቦ ከተቋረጠ ነጩ ገጽ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ይሆናል፤ የአረንጓዴው ከተቋረጠ ሐምራዊ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጥፋት የኬብል እንጂ የፍጥነት አይደለም። መርካቶ ውስጥ ያረጀ ዕቃ እንደገና ሥራ በሚያገኝበት በምናለሽ ተራ አካባቢ እንደሚደረገው፣ መሥራቱ የታወቀ ዕቃ አምጥቶ መቀያየር ጥሩ ዘዴ ነው።

3ኛ. የስክሪኑን ምስል መቅዳት። ነጠብጣቡ በሚታይበት ሰዓት የኪቦርዱን ምስል መቅጃ ቁልፍ ተጭነን ምስሉን በፍላሽ ወስደን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ እንክፈተው። ነጠብጣቡ በተቀዳው ምስል ውስጥ ካለ ጥፋቱ ከኬብሉና ከሞኒተሩ በስተኋላ ነው። ከሌለ ግን ወደ ኬብሉና ወደ ሞኒተሩ ያደላል። ዋጋው ምንም ነው፣ መልሱ ግን ትልቅ ነው።

4ኛ. ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መመለስ። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ፋብሪካው ያወጣውን ማስተካከያ መምረጥ ነው። ስክሪኑ ጭራሽ አልበራ ካለስ? የመብራት ገመዱን እንንቀል፣ ማብሪያውን ተጭነን የቀረውን ኃይል እናስወጣ፣ ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች እናውጣ። ባዮሱ የያዘውን ረስቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሲነሣ ድምፅ ካሰማም እናድምጥ፤ አዋርድ በተባለው ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ የምስሉን ክፍል ችግር ያመለክታል።

5ኛ. ሙቀትና አቧራ። በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ ማራገቢያውን በጣት ይዞ እንዳይሽከረከር ማድረግ፣ የደረቀውን ፔስት ጠርጎ አዲስ በስሱ መቀባት። ሙቀቱን በመዳፍ አንገምት፤ ባዮሱ በቁጥር ያሳያል።

6ኛ. ራምና ኃይል። ሜምቴስት86 የተባለውን ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሥተን ራሙን እንፈትሽ፤ አንድ ስሕተት እንኳ ካሳየ ራሙ በዚያ ፍጥነት አይታመንም። ኃይሉን በቴስተር ስንለካ ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ጥቁሩ መሬት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉም ይህ የመረበሽ ምንጭ ነው።

ማስጠንቀቂያ! የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን አትክፈቱ። የ220 ቮልቱ መብራት በውስጡ ተጣርቶ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ወፍራሙ የድሮ ሞኒተር ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስላለው ጨርሶ አይነካም። ቴስተር ስንይዝ አሠልጣኝ መምህር አጠገባችን ይኑር።

ረ) ያገኘነው ውጤት

አንድ ደንብ ብቻ አወጣን፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ የተለወጠውና የታየው ይጻፋል። ከደብተሩ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ከጎረቤት ክፍል ሞኒተርና ኬብል ተውሰን ቀየርን፤ ነጠብጣቡ አልጠፋም። ምስሉን ቀድተን ሌላ ማሽን ላይ ከፈትን፤ ነጠብጣቡ በምስሉ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሞኒተሩ ነፃ ወጣ። ምቱን ከ266 ወደ 200 መለስን፣ ቮልቱም አብሮ ተመለሰ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠራ፣ ምንም የለም። «በቃ ተገኘ» ብለን አላቆምንም፤ የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላላ! ምቱን እንደገና 266 አደረግን፤ በ25 ደቂቃ ነጠብጣቡ ተመለሰ፣ ሜምቴስትም ስሕተት ቆጠረ። ቀጥለን ምቱን እዚያው 266 ላይ ትተን የራሙን ውድር ብቻ 1 ለ 1 አደረግነው፤ ራሙ በ266 ሠራ ማለት ነው። ነጠብጣቡ ጠፋ፤ ማሽኑ ግን ከሰዓት በኋላ ራሱን ማጥፋቱን አልተወም። ቢጫውን ሽቦ በዚያ ሰዓት ስንለካ 11.3 ቮልት አሳየ፤ ከዝቅተኛው ወሰን በታች ነው። ምቱን ወደ 200 ስንመልስ 11.7 ሆነ።

እንግዲህ አንድ የመሰለን በሽታ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ነጠብጣቡ ከራሙ መገፋት፣ ራሱን ማጥፋቱ ደግሞ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ላይ ከተጫነው ተጨማሪ ኃይል የመጣ ነው። የሁለቱም አባት ያው 266 የሚለው ቁጥር ነው። ማሽኑን በ200 ትተን፣ አቧራውን ጠርገን፣ ፔስት ቀባን። የወጣው ገንዘብ የፔስቱ ብቻ ነው። በተረፈው ለእያንዳንዳችን የትምህርት ዕቅድ መያዣ የሚሆን ፍላሽ ገዛን። ሞኒተር ብንገዛ ነጠብጣቡ በአዲሱ ሞኒተር ላይ ይታይ ነበር፤ ገንዘቡም ዕቅዱም ባልተረፉ ነበር።

ይህን ስንል ኦቨርክሎክ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። በቂ ማራገቢያና ብርቱ ፓወር ሰፕላይ ያለው፣ ራሙን ለይቶ ያስተካከለና በፈተና ያረጋገጠ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ለትምህርት ዕቅድ ጽሑፍ ግን በ1.8 እና በ2.4 መካከል ያለውን ልዩነት ጣታችን እንኳ አያውቀውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ሰ) ለክፍል ትምህርት

ይህ ዘዴ ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤትም ይሠራል። አንድ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይና አንድ ትርፍ አምፖል ይበቃሉ። መምህሩ በስውር አንድ ጥፋት ያስገባል፤ ለምሳሌ አንዱን ድንጋይ ይገለብጣል ወይም በመገናኛው ላይ ቀጭን ወረቀት ያደርጋል። ተማሪዎች በቡድን ይመረምራሉ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣሉ፣ የለወጡትንና ያዩትን ይጽፋሉ። ብርሃኑ ከበራ በኋላ ጥፋቱን እንደገና እንዲመልሱት እናድርግ። ሲመልሱት ካልጠፋ መንስኤውን አላገኙትም። ማርኩ የሚሰጠው ቀድሞ ላበራው ሳይሆን ምክንያቱን ለጻፈው ቡድን ይሁን።

መልመጃ

1. ማባዣው 10፣ መሠረታዊ ምቱ 200 የሆነ ፕሮሰሰር ምቱ ወደ 240 ቢወጣ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? ከራሙ ጋር ያለው ውድር 5 ለ 3 ከሆነስ ራሙ በስንት ይሠራል?
2. ፍጥነቱ በ20 በመቶ፣ ቮልቱ በ10 በመቶ ቢያድግ ሙቀቱ በስንት እጅ ያድጋል?
3. የአንድ ጓደኛችሁ ስክሪን ነጭ መሆን ሲገባው ቢጫ ሆነ። የትኛው ሽቦ ይመስላችኋል? መርካቶ ከመሄዱ በፊትስ ምን ምን እንዲያደርግ ትመክሩታላችሁ?

የመልሳችሁን ወረቀት ከነአሠራሩ ከጋዜጣው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ አስገቡ። አሠልጣኝ መምህራን የቀረበው ላይ እርማትና ተጨማሪ ሐሳብ ካላችሁ በዚያው ሣጥን እንጠብቃለን።